በእግሬ ላይ የቀረበ ክስ

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የተመዘገብኩት መኪና ወድጄ አይደለም። ሐዋሳ ውስጥ በከሰዓት ፈረቃ፣ ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። በዚያ ዓመት አንድ የእርዳታ ድርጅት በየገጠሩ እየዞረ የሳይንስ መምህራንን የሚያግዝ ሰው ፈለገ። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ፤ ቃለ መጠይቁንም አለፍኩ። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ድርጅቱ መኪና ይሰጣል፣ ሹፌር ግን አይሰጥም። ኅዳር ከመግባቱ በፊት መንጃ ፈቃድ ይዤ ካልቀረብኩ ቦታው ከእኔ ቀጥሎ ለወጣው ሰው ይሰጣል። ከእኔ ቀጥሎ የወጣው ደግሞ እዚያው ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ መንጃ ፈቃዱን በደረት ኪሱ ይዞ የሚዞር ባልደረባዬ ነበር። በእረፍት ሰዓት እየመጣ “ልምምዱ እንዴት ይዞሻል?” ይለኛል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን በዚያ ሰሞን ደህና ሰው የሚታየኝ ዓይን አልነበረኝም።

ማሠልጠኛው ምሥራቅ በኩል፣ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነበር። ያለችው መኪና አንዲት ናት። የኋላ በሯ የሚከፈተው ከውስጥ ብቻ ነው፤ መስታወቷን ለማውረድ አንድ ሰው እጀታውን ሲያዞር ሌላው ከላይ መጫን አለበት። አሠልጣኛችን ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ በደርግ ዘመን የሠራዊት ካሚዮን ሲነዱ ኖረው መንግሥት ሲለወጥ ሐዋሳ የቀሩ ሰው ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ እንዲያውም ይቀንሳል። በጣም ሲቆጡ ጭራሽ አይሰሙም፣ ያን ጊዜ ነው መፍራት።

መኪናዋ አንድ አመል ነበራት። እግርን ከነዳጅ መስጫው አንስቶ መኪና ቆሞ ሲሠራ ሞተሩ በዝግታ፣ በእኩል ድምፅ መተንፈስ አለበት፤ መካኒኮች ይህን ሚኒሞ ይሉታል። የእሷ ሚኒሞ ግን አንዳንድ ቀን ያብዳል። ማንም ሳይነካት ሞተሩ ተነሥቶ ይጮሃል፣ ከዚያ ወርዶ ወርዶ ሊጠፋ ሲል እንደገና ይነሣል። ከፍ ሲል ወደፊት ልትፈናጠር ትደርሳለች፣ ዝቅ ሲል ከነመሪዋ ትንቀጠቀጣለች። ዝቅ ባለበት ቅጽበት በግራ እግሩ የያዘውን ፍሪሲዮን የለቀቀ ሰው ሞተር ጠፋበት ማለት ነው። እኛ ሠልጣኞች ዘዴ ፈጥረንላት ነበር። ሲነሣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን ቆጥረን በሦስተኛው እንለቅቃለን። በዓለም ላይ ፍሪሲዮን በቁጥር የሚለቅ ሹፌር ያፈራ ማሠልጠኛ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በግቢው ውስጥ መቁጠሩ ይሠራል። ፈተና ላይ ግን አልሠራም። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ዳገት ላይ መነሣትን ለመፈተን ታቦር ተራራ ሥር ካለችው አቀበት ሌላ ቦታ የለም። ፈተናው በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ጠዋት ነው። ዳገቷ መሐል አቁሜ፣ የእጅ ፍሬን ይዤ፣ ቆጠርኩ። ሞተሩ በሁለት ላይ ወረደ፤ ጠፋ። አስነሣሁ፤ ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ፈታኙ ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ። ወረቀቱ ላይ ሲጽፍ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ስንመለስ ጋሼ መንገዱን ሙሉ ዝም አሉ። ግቢው በር ላይ ስንደርስ በቀስታ “እግርሽ ነው” አሉኝ።

እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ሰልፉ ላይ አልነበርኩም። ሞተሩ ብቻውን ሲወጣና ሲወርድ አይሰሙም ወይ ብዬ ተነሣሁባቸው። እንደሚሰሙ ነገሩኝ። መኪና ሁሉ አመል አለው፣ ሹፌር ማለት የመኪናውን አመል የሚሸከም ሰው ነው፣ እሳቸው ፍሬን የሌለው ካሚዮን ከተራራ አውርደዋል አሉ። ከዚያ መሪው ላይ ተቀመጡና ያችኑ መኪና፣ በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ዳገት ድረስ ወስደው ያለ ምንም ችግር አስነሥተው አሳዩኝ። አንዴ አይደለም፣ አራቴ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን አወለቅኩና ግራ እግሬን ለረጅም ጊዜ አየሁት። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን ጠላሁት።

ቅዳሜ ግን መኪናዋ ደህና ነበረች። ሰኞም ደህና ነበረች። ዓርብ የገደለችኝ መኪና በማግስቱ እንደ በግ ስትታዘዝ ሳይ ንዴቴ ወደ ጥርጣሬ ተለወጠ። እግሬ ዓርብ መጥፎ፣ ቅዳሜ ጥሩ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ደብተር ገዛሁና በየቀኑ መጻፍ ጀመርኩ። ሙቀቱን፣ ቤንዚኑ የተቀዳበትን ቦታ፣ ከኋላ የተቀመጡትን ሠልጣኞች ብዛት፣ ዝናብ መዝነብ አለመዝነቡን ሁሉ ጻፍኩ። ጋሼ ደብተሩን ሲያዩ ትምህርቱ በመሪ እንጂ በስክሪፕቶ አይደለም ብለው አላገጡብኝ።

ረቡዕ እንደገና አበደች። ጋሼ እግሬን እየከሰሱም ቢሆን መኪናዋን ጎረቤት ካለው ጋራዥ ወሰዷት። መካኒኩ የድሮ የሠራዊት ጓዳቸው ነበር፤ እጁ ወርቅ ነው እያሉ ይምሉበታል። ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት አዳመጠና ነዳጁን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ናቸው ብሎ ለወጣቸው። ሐሙስ መኪናዋ ድምፅዋ እንኳ የማይሰማ ሆነች። ጋሼ እጁ ወርቅ ነው አላልኩሽም በሚል ዓይን አዩኝ፤ ተመስገን አልኩ። ዓርብ ጠዋት ከግቢው ሳንወጣ ያው ጩኸት፣ ያው መንቀጥቀጥ መጣ። መካኒኩ በዚህ ጊዜ ቤንዚኑ ላምባ ተቀላቅሎበታል አለ። ታንከሩን አራገፈ፣ ማጣሪያውን ቀየረ። ቅዳሜ ዳነች። ሰኞና ማክሰኞም ዳነች። ማክሰኞ ዕለት ጋሼ መካኒኩን ሻይ ጋበዙት፣ እኔም ደብተሬን ወደ ቦርሳዬ ከተትኩ።

ረቡዕ ሞተሩ መነሣቱንም ተወው። ወረደ፣ ጠፋ፣ ወረደ፣ ጠፋ። መካኒኩ ሲመጣ እንዳለፉት ጊዜያት ፈገግ አላለም። የመኪናዋ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ይሆናል፣ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ ወር ይፈጃል አለ። ፈተናው ከነገ ወዲያ ነበር፤ ኅዳር የሚገባውም በሚቀጥለው ሳምንት። እዚያው ግቢ ውስጥ የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጋሼ ከአጠገቤ ቆመው የሚያውቁትን ማጽናኛ ሰጡኝ፤ “እግርሽ ይሻሻላል” አሉኝ። እያለቀስኩ የነበርኩት ሴት ወዲያው ማልቀሴን አቁሜ ተናደድኩ።

በዚያው ቀን ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ምሳ ልበላ ወደ መምህራን ክበብ ጎራ አልኩ። እኔ ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ ነኝ፤ ሥጋ ያለበት ነገር አዘዝኩ። አስተናጋጇ ፈገግ ብላ፣ “ቲቸር፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው፤ ያለን የጾም ብቻ ነው” አለችኝ።

ሽሮው መጣ። አንድ ጉርሻ እንደ ጎረስኩ እጄ አየር ላይ ቀረ። ደብተሬ ላይ ቀኑን በቁጥር ብቻ ነበር የጻፍኩት፤ ስሙን አልጻፍኩም። ክበቡ ግድግዳ ላይ ካለው ካላንደር ጋር አስተያየሁት። የወደቅኩበት ዓርብ። ረቡዕ። ዓርብ። ረቡዕ። ለሰባ ልጅ ስትመዘግቡ ምንም ነገር አትዝለሉ እያልኩ የማስተምር ሴት የሳምንቱን ቀን ዘልዬ ነበር። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ግን መደሰቴ በለጠ። በአገራችን ረቡዕና ዓርብ ተብሎ ከጾም ሌላ ምን ይታሰባል? ሞተር እንደማይጾም ግን አውቃለሁ። የሚጾመው ሰውዬው ነው። ጋሼ ስለሚጾሙ በእነዚያ ቀናት መኪናዋ ላይ የሚጨመር ወይም የሚጎድል ነገር አለ ማለት ነው። ምን እንደሆነ ከሰዓቱን ሙሉ እያሰብኩ ስለ ቅጠል ማስተማር ሲገባኝ ስለ ሥር አስተማርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ቀድሜያቸው ግቢው ደረስኩ። ጋሼ መጡ። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት በፎጣ የተጠቀለለ የምሳ ዕቃቸውን ይዘው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ ሞተሩ ጎን ሸጎጡት። ከሠራዊት ቤት የመጣ ልማድ ነው፤ የሞተሩ ሙቀት ምሳውን ለብ አድርጎ ያቆይላቸዋል። በጭስ ማውጫው በኩል እንደሚያርር ስለሚያውቁ የሚያስቀምጡት በአየር መሳቢያው በኩል ነው፤ እንዳይንሸራተትም ከጎማ በተቆረጠ ማሰሪያ ጠበቅ አድርገው ያስሩታል። በልተው ሲጨርሱም ባዶውን እዚያው ይመልሱታል፣ መኪናው ውስጥ ሲንኳኳ አይወዱም። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይቼዋለሁ። ሰው ግን በየቀኑ የሚያየውን ነገር አያየውም።

በጾም ቀን ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ስለማይቀምሱ ምሳ ይዘው አይመጡም። “ጋሼ፣ በዐቢይ ጾም ጊዜ መኪናዋ እንዴት ነበረች?” አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡ። ከፋሲካ በፊት ሁለት ወር ሙሉ እንዳሠቃየቻቸው፣ የበጋው ሙቀት ነው ብለው እንደተዉት ነገሩኝ። ከፋሲካ በኋላስ አልኳቸው። ሃምሳውን ቀን ሙሉ ደህና ነበረች አሉ፤ ዓርብም ጭምር፤ እንዲያውም በዚያን ጊዜ የተፈተኑት ልጆች ሁሉ አልፈው ነበር። ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ዓይናቸው ወደ ምሳ ዕቃቸው ሄደ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም ለእሳቸው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ምሳቸውን ይዘው ይመጡ እንደነበርም ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ሞተሩን እንዲያስነሡልኝ ጠየቅኳቸው። ተነሣ፤ እኩል፣ ጸጥ ያለ። እኔ ማሰሪያውን ፈትቼ የምሳ ዕቃውን ከነፎጣው አወጣሁት። ሞተሩ አንዴ ተሳበ፣ ከዚያ ጮኸ፣ ወረደ፣ ተንቀጠቀጠ። መለስኩት፤ ረጋ። አወጣሁት፤ አበደ። ጋሼ ከመኪናው ወርደው መጡና ምሳቸውን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው አስገቡት፣ ራሳቸው አወጡት። ስድስት ሰባት ጊዜ ሳያደርጉት አልቀሩም። በመጨረሻ ምሳውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ከደረሱት ሠልጣኞች አንዱን መካኒኩን ጥራልኝ አሉት።

መካኒኩ ነገሩን ስንነግረው መጀመሪያ ሳቀብን። ከዚያ እጁን የምሳ ዕቃው ይቀመጥበት ወደነበረው ቦታ አስገባና ውፍረቱ አውራ ጣት የሚያህል የአየር ቱቦ ከሥሩ ዳሰሰ። ጣቱ ሲያርፍበት ሞተሩ ረግቶ በእኩል መተንፈስ ጀመረ። ቱቦው ከሥር በኩል ተሰንጥቆ ኖሯል። በስንጥቁ የሚገባው ያልተፈለገ አየር ነው ሞተሩን ሲያስጮህና ሲያንቅ የኖረው፤ የምሳ ዕቃው ደግሞ ቱቦውን ከብረቱ ጋር ተጭኖ ስንጥቁን ይደፍንለት ነበር። መካኒኩ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም የኖረው እጁ ወርቅ ስላልሆነ አልነበረም። እሱ ኮፈኑን የሚከፍተው መኪናዋ በታመመች ቀን ነው፤ በታመመች ቀን ደግሞ የምሳ ዕቃው ቤት ነው ያለው። ርዝመቷ ክንድ የማታህል አዲስ ቱቦ ቆርጦ አስገባ፣ ሁለቱን ጫፍ አጠበቀ፣ ሥራው ሻይ እስኪፈላ ድረስ እንኳ አልፈጀም። የአየር ግፊት የማስተምረው እኔ፣ ቆሜ አየሁት።

ዓርብ ጠዋት ታቦር ሥር፣ ያቺው ዳገት፣ ያው ፈታኝ። ጋሼ እንደ ሥርዓታቸው ጾመዋል፤ የምሳ ዕቃው የለም። ሞተሩ ግን እኩል ይተነፍሳል። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። እስከ ትናንት ድረስ ብወድቅ የማሳብበው ሞተር ነበረኝ፤ ዛሬ ከወደቅኩ እግሬ ነው። አሁን የሚቆጠርም ነገር የለም። የእጅ ፍሬኑን ያዝኩ፣ ነዳጅ በጥቂቱ ሰጠሁ፣ ፍሪሲዮኑን እያንዳንዷን ጣት እያሰብኩ ለቀቅኩ። መኪናዋ አፍንጫዋን ቀና አደረገችና ወጣች። ፈታኙ ጉልበቱን ሳይዝ ወረቀቱ ላይ ጻፈ፣ ወደ ላስቲክ ቦርሳው ከተተ፣ “ቀጥይ” አለኝ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። ባልደረባዬ ሰኞ ዕለት ማለፌን ሲሰማ እጄን ጨብጦ ከልቡ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ፤ ክፉ ሰው እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

ጋሼ ግን አልሳቁም። ከፈተናው ስንመለስ ቢሮ ገብተው የማሠልጠኛውን መዝገብ ይዘው ወጡ። ዳገት ላይ በወደቀ ሰው ስም ትይዩ በገዛ እጃቸው “እግር” ብለው ጽፈዋል። አንድ ዓመት ወደ ኋላ እየገለጡ እነዚያን ስሞች በጣታቸው አንድ በአንድ ነኩ። አብዛኞቹ ደጋግመው ተፈትነው ወጥተዋል። ሦስቱ ግን ተስፋ ቆርጠው ቀርተዋል። ድምፃቸው በጣም ቀንሶ፣ “ስንቱን እግር ሰደብኩ” አሉ። የእኔም እግር አለበት እኮ ብዬ ልቀልድ ነበር፤ ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። ቅዳሜ አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። ነገሩን ያገኘሽው አንቺ ነሽ፣ ሳይንሱን ቢጠይቁኝ እኔ አልችልም አሉ።

የመጀመሪያዋ ሴት ሻሸመኔ አግብታ ሄዳለች፤ ለእናቷ ነገርናቸው፣ በስልክ እንነግራታለን አሉ። ሁለተኛው አሞራ ገደል ዓሣ የሚያቀርብ ጎልማሳ ነበር፤ አዳመጠን፣ ሳቀ፣ መኪና አሁን አያስፈልገኝም ብሎ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ አስያዘን። ሦስተኛው እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ሁለት ጊዜ ወድቆ ቀርቷል። ከሱቁ ፊት አንዲት የጭነት መኪና ቆማለች፤ የራሱ ናት፣ የሚነዳት ግን ቅጥር ሹፌር ነው።

ጋሼን ሲያይ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥቶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ጋሼ አልተቀመጡም። ቆመው፣ ቱቦውን፣ ስንጥቁን፣ ምሳቸውን፣ ረቡዕና ዓርብን ተናገሩ። በየመሐሉ ወደ እኔ ያያሉ፤ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። “የወደቅከው በእግርህ ነው ብዬህ ነበር” አሉ በመጨረሻ። “እግርህ አልነበረም። የእኔ ጥፋት ነው። ይቅር በለኝ።”

ሰውየው በእጁ የያዘውን ሜትር እየጠቀለለ ቆየ። ሁለት ጊዜ ጠቅልሎ ሁለት ጊዜ ፈታው። ደጅ ወደቆመችው መኪናው ተመለከተ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ከንፈሩ ደግሞ ፈገግታ ጀመረው። ከዚያ በሱቁና በጓዳው መሐል ያለውን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ሚስቱን በስሟ ጠራት።

“ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ” አለ። “አሁን ያሉትን ከመጀመሪያው ጀምረው እሷ ፊት ይድገሙልኝ።”